ትኩስ ኬክ፣ ቀዝቃዛ ወተት

ብሪጄሽ ኬሳርዋኒ ከጣፋጭ ሠሪ ቤተሰብ ተወልዶ፣ ሃያ አራት ዓመት በስኳርና በወተት መካከል ኖሮ፣ አንድም ቀን ኬክ ቀምሶ አያውቅም ነበር። ይህን የነገረኝ ደግሞ እየተኩራራ ነው።

«አሽትቼው አውቃለሁ» አለኝ። «ሽታው ደስ ይላል። ለኔ በቂዬ ነው።»

«ቤትህ ምሳህንም እያሸተትክ ነው የምትነሳው?» አልኩት።

ሳቀ። ሲስቅ ዓይኖቹ ጥፍት ይላሉ። በስኳር የደረቀ ዱባ የሞላ ቅርጫት እንደተሸከመ በዳቦ ቤታችን በር ላይ ቆሞ ነበር። ቅርጫቱን እንዲያስቀምጥ አልነገርኩትም፤ እሱም ማስቀመጡን ረሳው።

ታኅሣሥ ነበር። በሕንድ፣ በከተማችን በአላሃባድ፣ ከገና በፊት ባሉት ሳምንታት ሰው ሁሉ የኬኩን ዕቃ ይዞ ወደ ዳቦ ቤት ይመጣል። ዱቄቱን፣ የተነጠረ ቅቤውን፣ እንቁላሉን፣ የደረቀ ዱባውን ከቤቱ ያመጣል፤ የእኛ ድርሻ መምታትና መጋገር ነው። የዕቃው ባለቤት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ከቅቤዋ ላይ ሳትነቅል ትጠብቃለች። አባቴን ቪክተር ማሲህን ከተማው በሙሉ ይወደዋል፤ ቅቤውን ጥሎለት የሚሄድ ግን የለም።

«እንቁላል ባይኖርበት እኮ እበላው ነበር» አለ ብሪጄሽ። ሂንዱ ናቸው፤ በእነሱ ቤት ሥጋም እንቁላልም አይበላም።

«እንቁላል የሌለበት ኬክ፣ ኬክ አይባልም።»

«አልችልም በያ በአጭሩ።»

እኔ ደግሞ አትችዪም ሲሉኝ እንቅልፍ የሚነሳኝ ሰው ነኝ። እሱ ይህን አያውቅም ነበር። ወይም ያውቅ ነበር።

ከገና በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ ጀመርኩ። የመጀመሪያው በእርጎ የሠራሁት ኬክ ከምድጃው ሲወጣ አባዬ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ ጣለው፤ ጓ አለ።

«ይኼንንስ ለጎማ ጠጋኙ ስጪው» አለኝ። «ለመሆኑ ለማን ነው ይህ ሁሉ ድካም?»

«እንቁላል ለማይበሉ ሰዎች።»

«እነሱማ የኔን ይበላሉ።»

እውነቱን ነበር። ከአሮጌው ገበያ ከሰዓት በኋላ ብቅ የሚሉ ደንበኞች ነበሩት፤ ቤታቸው እንቁላል የሚባል ነገር በደጃፍ አያልፍም። በጋዜጣ የተጠቀለለውን ይቀበሉና ግራ ቀኝ አይተው ይሄዳሉ። «እነሱ አይጠይቁኝም፣ እኔ አልነግራቸውም» ይል ነበር አባዬ፣ «ሠላሳ ዓመት በሰላም የኖርነው እንዲህ ነው።» እኔም እስቅ ነበር። በዚህ ነገር መሳቄ ዛሬ ድረስ ይቆጨኛል።

ብሪጄሽ በየሳምንቱ ውድቀቴን ሊጎበኝ ይመጣል። አንድ ቀን ባዶ እጁን አልመጣም፤ የሸክላ ኩባያ ይዞ ነበር፣ አፉ በቅጠል ተሸፍኖ በቀይ ክር የታሰረ።

«ራስማላይ ነው። እናቴ የሠራችው» አለኝ። «ሐዘንተኛ ሲጎበኙ ባዶ እጅ አይኬድም ብዬ ነው።»

ክሩን ፈታሁት። ለስላሳዎቹ የአይብ ድቡልቡሎች ሳፍሮን የሚባለው ቢጫ ቅመምና ሄል በገባበት ወፍራም ወተት ውስጥ ተኝተዋል። አንዱን አፌ ውስጥ ሳደርገው ወተቱ ከውስጡ ወጣ። ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ ለካ ኬኩ ደረቀ ብዬ ስጣላ የከረምኩት በከንቱ ነው፤ ደረቅ ከሆነ ይጠጣ!

ሆኖም ትኩስ ወተት በትኩስ ኬክ ላይ ሳፈስ ገንፎ ሆነ። ሁለቱም ሲቀዘቅዙ ደግሞ ወተቱ ከታች ተኛ፣ ኬኩ ከላይ አኮረፈ። አንድ ቀን ግን ከምድጃ እንዳወጣሁት ደንበኛ ተጣራ፤ በችኮላ ቀዝቃዛውን ወተት ገለበጥኩበት፣ በሳህን ከደንኩትና ረሳሁት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስከፍተው ወተቱ የለም። ኬኩ እስከ ልቡ ድረስ ጠጥቶታል።

ብሪጄሽ ከጓሮ፣ ከዘይቱኑ ዛፍ ሥር ቆሞ ቀመሰ። ሌላ ቆርሶ ቀመሰ። የሚቀልድ መስሎኝ ስጠብቅ ዓይኖቹ እንባ ሞሉ።

«ምን አድርገሽ ነው?»

«አልነግርህም።»

«ሱኒላ፣ እባክሽ።»

«የተጋባን ቀን እነግርሃለሁ።»

ለቀልድ ያልኩት ነው። ግን አልሳቀም። እኔም አልሳቅሁም። ከዛፉ ላይ በቀቀኖች ይንጫጫሉ። እሱ ቀስ ብሎ ከኬኩ እጄ ላይ የተጣበቀውን አረንጓዴ የፒስታቺዮ ፍሬ አነሳና በላው።

«እንግዲያው እጠብቃለሁ» አለኝ።

ሁለት ዓመት ጠበቀ። የሸክላው ኩባያ በየሳምንቱ መጣ፤ ሁልጊዜ ቅጠል ለብሶ፣ ሁልጊዜ በቀይ ክር ታስሮ። ክሮቹን በዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ አጠራቅማቸው ነበር።

በመካከላችን የቆመችው እናቱ ሻርዳ ነበረች። ባሏ የሞተው ገና በወጣትነቷ ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ከገዛ ጓዳዋ ያልወጣ ምግብ አፏ አልገባም፤ የጎረቤት ውኃ እንኳ አትጠጣም። በሠርግ ቤት ተቀምጣ ትመርቃለች እንጂ አትቀምስም። ሰፈሩ በዚህ ያከብራታል፣ ይፈራታልም። እኔ ደግሞ ክርስቲያን ነኝ፣ የዳቦ ጋጋሪ ልጅ፣ እጄ ከእንቁላል አስኳል ወጥቶ የማያውቅ።

ብሪጄሽ ሲነግራት አራት ቀን አላናገረችውም። በአምስተኛው እየሮጠ መጣ።

«ታምጣው አለች! ያን ኬክሽን። ከእጅሽ እቀምሳለሁ አለች!»

«ምን ማለት ነው?»

«አንቺ ደግሞ! አንዴ ከእጅሽ ከጎረሰች እኮ አለቀ። ‹እኔ ከቀመስኩላት በዚህ ሰፈር አፉን የሚከፍት ማን አለ?› ነው ያለችው።»

በእኛ አገር የጋብቻ ነገር የሚጸናው አፍ ሲጣፍጥ ነው። አማት ከምራቷ እጅ ጣፋጭ ከጎረሰች፣ ከዚያ በኋላ ያለው የድንኳንና የባንድ ሥራ ብቻ ነው። ሻርዳ ግን ከባሏ ሞት ወዲህ ከማንም እጅ ጎርሳ አታውቅም። ለእኔ አፏን ልትከፍት ነው።

የዳቦ ቤቱን ምድጃ አልተጠቀምኩም፤ የእንቁላል ታሪክ አለበት። አዲስ ድስት፣ አዲስ ማንኪያ፣ አዲስ ጨርቅ ገዛሁ። እሑድ ጠዋት ገላዬን ታጥቤ፣ በቤታችን ምድጃ ላይ ትልቁን ድስት ጥጄ፣ ከሥሩ አሸዋ አልብሼ በአሸዋው ሙቀት ጋገርኩት። ዝቅ ያለ ሆነ፣ ሁለት ጣት ቢሆን ነው። ግን ለስላሳ ነበር። ቀዝቃዛውን ወተት አጠጣሁት፣ ከደንኩት፣ ረሳሁት። ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። አባዬ ጉልበቴን አሞኛል ብሎ ቀረ።

ስመለስ ከክዳኑ ሥር አየት አደረግኩት። ሳፍሮኑ፣ ፒስታቺዮው፣ የወተቱ ስልባቦት፣ ሁሉም በቦታው ነው። ከፍ ያለ መሰለኝ። ወተቱን ጠጥቶ ያበጠ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ፍቅር ሰውን ያን ያህል ያጃጅላል።

«ዛሬ አንቺን አልፈልግም የሚል ሰው ካለ ዓይኑን ታሟል» አለኝ አባዬ፣ ግንባሬን እየሳመ። ቅንድቡ ላይ ዱቄት ነበር። እሑድ ከሠላሳ ዓመት ወዲህ ሠርቶ አያውቅም፤ ልብ ማለት ነበረብኝ።

ሻርዳ ነጭ ሳሪዋን ለብሳ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። የሰፈሩ ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል፣ ሊመሰክሩ። ብሪጄሽ በሩን ተደግፎ ቆሟል፤ ሳቁን ለመደበቅ ሲታገል ዓይኖቹ ጠፍተዋል።

«ነይ እስቲ፣ ቅረቢ» አለችኝ ሻርዳ። «ምነው ራቅሽ? ጅብ መሰልኩሽ?»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ስቄ ቢላዋውን አነሳሁ፣ ቆረስኩ።

ቢላዋው እንደገባ አወቅሁት። የእኔ ኬክ ሲቆረጥ ይፈረፈራል፣ ይለቃል። ይኼኛው ተጭኖ መልሶ ተነሣ። ውስጡ ረጅም ነው፣ ቢጫ ነው፣ አየር የያዘ ነው። በዳቦ ቤት ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ የእንቁላልን ሥራ በጨለማ ብዳስሰው አልስተውም። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ መጣልኝ፦ የታመመው ጉልበት፣ ቅንድቡ ላይ ያለው ዱቄት። አባዬ ዝቅ ያለውን ኬኬን አይቶ አንጀቱ አልችል ብሎታል። ልጄ በሰው ፊት እንዳታፍር ብሎ፣ በራሱ ምድጃ፣ በራሱ እጅ ሌላ ጋግሮልኛል። እነሱ አይጠይቁም፣ እኔ አልናገርም።

ቁራሹ በጣቶቼ መካከል ነው። ሻርዳ ዓይኖቿን ጨፍና አፏን ከፈተች።

ማንም አያውቅም። ብሪጄሽ አያውቅም፣ ሴቶቹም አያውቁም፤ የሚያውቁ ቢኖሩም በጋዜጣ ጠቅልለው የበሉ ናቸው፣ አይናገሩም። አንድ ስንዝር ብቻ ነው የቀረኝ። ከዚያ ስንዝር ወዲያ ብሪጄሽ አለ፣ ቤቴ አለ፣ ልጆቼ አሉ። ይህን ሁሉ አሰብኩት፤ አላሰብኩም ብዬ አልዋሽም። ግን ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ለኔ ብላ የከፈተችውን አፍ አየሁት። ጥርሶቿ ትንንሽ ነበሩ፣ የልጅ ይመስላሉ። እጄ እምቢ አለኝ።

«እማማ» አልኩ፣ «አይብሉት።»

ዓይኖቿን ገለጠች።

«እንቁላል አለበት።»

አንዷ ሴት በሳሪዋ አፏን ሸፈነች። ሌላዋ ተነሥታ ወጣች። ሻርዳ አፏን ዘጋች፤ ቁራሹን አየችው፣ ኬኩን አየችው፣ ከዚያ ፊቴን ረጅም ጊዜ አየችው።

«ሂጂ ልጄ» አለችኝ በዝግታ።

ወደ በሩ ስደርስ ብሪጄሽ ገለል አለልኝ። ሳቁ ገና ከፊቱ ላይ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም ነበር። ያ ነው ያንገበገበኝ።

ቤት ስደርስ አባዬ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

«ጎረሰች?»

ተስፋ ያደረገው ፊቱን አይቼ ልነግረው የነበረውን ሁሉ ተውኩት።

«አልወደደችውም፣ አባዬ።»

«ምን ጎደለው?»

«ሳፍሮን በዛ።»

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ብሪጄሽ በጓሮ በኩል መጣ። ከዘይቱኑ ሥር ቆመ። ኩባያ አልያዘም።

«እናቴ ከትናንት ጀምሮ አፏን አልከፈተችም፤ ለቃልም፣ ለምግብም» አለኝ። «ሱኒላ፣ አላውቅም ነበር በይኝ። ተሳስቼ ነው በይኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም፣ ሄጄ እግሯ ላይ እወድቃለሁ።»

«ብሪጄሽ...»

«ከሁለት ዓመት በላይ ያለ እንቁላል ጋግረሽልኛል። ትናንት እንዴት ገባ? ማን ነው ያስገባው?»

ማን ነው። አባቴ ነው ብል እናቱ ልታምን እንደምትችል አውቃለሁ። ግን የቪክተር ማሲህ እንቁላል በሻርዳ ከንፈር ላይ ሊደርስ ነበር የሚለው ወሬ ምሽት ሳይደርስ ገበያውን ያዳርሰዋል። በጋዜጣ ጠቅልለው ሲበሉ የኖሩት ሁሉ ‹እኔንም አበላኝ› ብለው መጀመሪያ ድንጋይ የሚያነሡት እነሱ ናቸው። አባዬ ስድሳ አራት ዓመቱ ነው። ከዚያ ምድጃ በቀር ሌላ ሕይወት አያውቅም። ያደረገውም ስለሚወደኝ ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ውሸትሽን ነው።»

«እኔ ነኝ። መጀመሪያ ቀን ነግሬህ የለም? እንቁላል የሌለበት ኬክ፣ ኬክ አይባልም።»

ደጋግሞ አየኝ። አንድ ነገር፣ አንዲት ቃል እየጠበቀ ነበር። እኔ እጆቼን ሽርጤ ላይ ጠረግሁ፣ ንጹሕ ናቸው፣ እንደገና ጠረግሁ። አንገቱን ደፍቶ በመጣበት በኩል ሄደ። እስከ ጓሮው በር ድረስ ሃያ እርምጃ ነው፤ አልዞረም።

በቀጣዩ ዓመት ከካንፑር ሚስት አመጡለት። የሠርጉ ባንድ በእኛ ጎዳና ሲያልፍ አባዬ ተነሥቶ መስኮቱን ዘጋልኝ። እኔ አላገባሁም። ከልብ ስብራት ነው ብላችሁ አትዘኑልኝ፤ ግማሹ ከዚያ ነው፣ ግማሹ የሽማግሌዎቹ ምርጫ አላምር ብሎኝ ነው።

አባዬ ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት ኖረ። በመጨረሻው ሳምንት እጄን ይዞ ጣራ ጣራውን ሲያይ ቆየና «ያን ጊዜ...» አለኝ፣ «ሳፍሮን ነው ያልሽኝ፣ አይደል?»

«ሳፍሮን ነው፣ አባዬ።»

እጄን ጠበቅ አድርጎ ያዘኝ። ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም ነበር፣ አልጠየቅሁትም። እሱ ራሱ ነው ያስተማረኝ።

አሁን ዳቦ ቤቱ የኔ ነው። በመግቢያው ላይ እንቁላል ያለበትንና የሌለበትን ለይቼ በትልልቅ ፊደል ጽፌያለሁ። በጋዜጣ የሚጠቀለል ነገር የለም።

ከዚያ እሑድ ወዲህ በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ በታኅሣሥ፣ ጉም ከተማውን በዋጠው አንድ ጠዋት፣ ከወረፋው መካከል ነጭ ሳሪ አየሁ። ሻርዳ ናት። አርጅታለች። የራሷን ድስት ታቅፋለች፤ ውስጡ ዱቄት፣ የተነጠረ ቅቤ፣ እርጎ፣ በጠርሙስ ወተት፣ በወረቀት የተቋጠረ ሳፍሮን።

«እንደ ሌላው ሰው ተራዬን ጠብቄያለሁ» አለችኝ። «ያን ኬክ ጋግሪልኝ። በዓይኔ ፊት።»

በድስቷ፣ በማንኪያዋ፣ በአሸዋ ላይ ጋገርኩላት። በርጩማው ላይ ተቀምጣ እጄን ስትከታተል ቆየች። ወተቱን ሳፈስበት ጠጋ ብላ አየች። ከዚያ ከደንኩትና ጠበቅን። ስቆርሰው ተፈረፈረ፤ ጥሩ ነው።

«አጉርሺኝ» አለች።

አጎረስኳት። ቀስ ብላ አኘከች፤ ጉንጯ ላይ እንባ ወረደ።

«አንቺ እንዳልጨመርሽው አውቅ ነበር» አለችኝ።

«ምን አሉ?»

«ቢላዋው ሲገባ ፊትሽን በስርቆሽ አየሁት። ራሱ የጨመረ ሰው ሲቆርስ አይደነግጥም። ከቤትሽ ሌላ ማን አለ? አባትሽ ነው አልኩ። ወዲያው ነው ያወቅሁት።»

የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ።

«አውቀው ነው ታዲያ ዝም ያሉት? አሥራ አንድ ዓመት?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«ብሪጄሽ ቀን ከሌት ስላንቺ ነበር የሚያወራው። ልጄን ሙሉ በሙሉ ልትወስጂብኝ ነበር። አንድ ልጅ ነው ያለኝ።» እጆቿን አየች። «እግዚአብሔር መንገድ ከፈተልኝ ብዬ ዝም አልኩ። መንገድ አልነበረም። ደግ ሚስት አለችው፣ ሁለት ሴቶች ልጆች አሉት። ምንም አልጎደለውም። ግን በየዓመቱ ብርድ ሲገባ ያን ኬክ ካልሠራሁ ይላል። ወይ ይፈርስበታል፣ ወይ ይደርቅበታል። ሚስቱ ተወው ትለዋለች፣ አይተውም።»

ልጮህባት ፈልጌ ነበር። እናገረው ዘንድ ለዓመታት ያጠራቀምኩት ብዙ ነበር። ግን አርጅታ፣ ከንፈሯ ላይ ወተት ቀርቶ ሳያት፣ አባዬን አሰብኩ። ሁለቱም ልጃቸውን ወደዱ። የሁለቱም ፍቅር በእኔ ላይ አረፈ።

«ኬኩ ትኩስ፣ ወተቱ ቀዝቃዛ ይሁን በሉት» አልኳት። «ከምድጃ እንደወጣ ያፍስበት። ከዚያ ይክደነውና ይርሳው።»

«ይርሳው?»

«አዎ፣ ካልረሱት አይሆንም።»

ሻርዳ ሳሪዋን ወደ ላይ ሳበች። «እሱ ላይ ነው የሚያቅተው» አለች።

ድስቷን ታቅፋ በጉሙ ውስጥ ወጣች። አባቴ ስለሠራው እንዳትነግረው አልለመንኳትም፤ ንገሪውም አላልኳት።

ከገና ሁለት ቀን ሲቀር አንድ የሪክሾ ጋሪ ነጂ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ነገር አስቀምጦ ሄደ። የሸክላ ኩባያ ነበር። አፉ በቅጠል ተሸፍኗል፣ በቀይ ክር ታስሯል።

ክሩን ለመፍታት ጣቶቼ ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው። ውስጡ አንድ ቁራሽ ኬክ አለ። ከጥግ እስከ ጥግ እርጥብ ነው፤ ወተቱ እስከ ልቡ ገብቷል። ደብዳቤ የለበትም። የተጋባን ቀን እነግርሃለሁ ያልኩትን ነገር፣ እነሆ፣ ሳንጋባ አወቀው።

ወረፋው በር ድረስ ነው፤ ሴቶቹ ቅቤያቸውን እየጠበቁ ያዩኛል። ቆሜ፣ እያለቀስኩ፣ ሁሉንም በላሁት። ክሩን የዱቄት ቆርቆሮው ውስጥ ከሌሎቹ ጋር አኖርኩት።

«ቀጥሎ ማን ነው?» አልኩ።